ያዮንና የቡና ደኗን ለመጎብኘት

ያዮ በኦሮሚያ ክልል ኢሉ አባ ቦር ዞን፣ ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። መንገዱ በደንና በሸለቆ መካከል እየተጠማዘዘ ያልፋል። ክረምቱ ዝናብና ጉም የሚበዛበት በመሆኑ፣ ቡና በሚለቀምበት በጥቅምትና በኅዳር መጓዝ ይመረጣል።

የያዮ ደን የዐረቢካ ቡና በተፈጥሮ የሚበቅልበት ነው፤ በ2002 ዓ.ም. ከከፋ ደን ጋር በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭነት ተመዝግቧል። ደኑ በቀጠና የተከፈለ ሲሆን፣ ነዋሪው የደን ቡና የሚለቅመው ከጥብቁ ቀጠና ውጭ ባለው መከለያ ነው። ጎብኚዎችም አስቀድመው ለወረዳው አስተዳደር አሳውቀው፣ አካባቢውን ከሚያውቅ መሪ ጋር ቢገቡ ይመከራል።

ጥቂት የቡና ፍሬ ወይም አንድ ችግኝ ለማስታወሻ ይዞ መውጣት ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ሆኖም የጫካው ቡና በሽታንና ድርቅን የሚቋቋሙ ዝርያዎች የሚፈለጉበት የአገር ሀብት በመሆኑ፣ የጄኔቲክ ሀብትን መውሰድ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ከከተማዋ ገበያ የተቆላ ቡና ገዝቶ ወደ ቤት መውሰድ ግን ከዚህ ጋር የሚገናኝ አይደለም።

ጊዜ ያላቸው ጎብኚዎች ጉዟቸውን እስከ መቱ ቀጥለው የሶር ፏፏቴን ማየት ይችላሉ።