የካኖ ወሬ

«ወሬ ያለ ምክንያት አይነሣም» ስል ወዳጆቼ የአሉባልተኞች ጠበቃ ያደርጉኛል። እስቲ የካኖን ታሪክ ላውጋችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1996 በሰሜን ናይጄሪያ፣ በካኖ ክፍለ ግዛት፣ ማጅራት ገትር ገብቶ ብዙ ሰው ፈጀ። በዚያ ጭንቅ መካከል ፋይዘር የተባለው የአሜሪካ መድኃኒት ኩባንያ ገና ያልጸደቀውን ትሮቫንን በሕፃናት ላይ ሞከረ። በሙከራው ከገቡት 200 ያህል ሕፃናት 11ዱ ሞቱ። ኩባንያው «የገደላቸው በሽታው ነው» አለ፤ ወላጆች ደግሞ «ልጆቻችን መሞከሪያ መሆናቸውን ማን ነገረን?» ብለው ከሰሱ። ኩባንያው ከክፍለ ግዛቲቱ ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር የታረቀው በ2009 ነው።

በ2003 የፖሊዮ ጠብታ የያዙ ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ፣ ጠብታው ሴት ልጆችን የሚያመክን፣ ኤድስም የሚያስይዝ የምዕራባውያን ተንኰል ነው የሚል ወሬ ተነዛ። ወሬው ሐሰት ነበር። ግን እናቲቱን አስቧት፤ ልጇ በወባ ሲነድ መድኃኒት በገንዘቧ የምትፈልግ ሴት፣ ላልታመመ ልጅ በነጻ ደጃፏ ድረስ ሲመጣላት ምን ትበል?

ካኖ ክትባቱን አስቆመች። ቫይረሱም በሱዳን በኩል አልፎ በ2004 መጨረሻ እኛም አገር ገባ። ለጥቂት ዓመታት ፖሊዮ ጠፍቶባት በነበረችው ኢትዮጵያ ሕፃናት እንደገና ሽባ ሆኑ።

ካኖ እምቢታዋን የተወችው በ2004 አጋማሽ ነበር። ያሳመናት የሐኪሞች ማስረጃ ብቻ አይመስለኝም፤ ክትባቱ ብዙ ሙስሊሞች ከሚኖሩባት ከኢንዶኔዥያ መጣላትና ተቀበለች። በሰሜን ናይጄሪያ የተነሣው ቫይረስ ግን በ2005 ያችኑ ኢንዶኔዥያን አገኛት።