ሰይፉ የማን ነበር?



በቅዳሴ ጊዜ ከጎናችሁ የሚንበረከኩት ፊሊፒናውያን ምዕመናን የመጡት በእስያ ብዙ ካቶሊካውያን ከሚኖሩባት ሀገር ነው። የዚያች ሀገር ደቡብ፣ ማለትም ሚንዳናውና የሱሉ ደሴቶች፣ ስፔናውያን ሲደርሱ በከፊል የሙስሊም ሱልጣኖች ግዛት ነበሩ። ስፔናውያኑ በዚያ የሚኖሩትን ልዩ ልዩ ሙስሊም ሕዝቦች «ሞሮ» በሚል አንድ ስም ጠሯቸው። ዛሬም ሰይፎቻቸው በሰብሳቢዎች ቤት ብዙ ጊዜ «የጎሳ ሰይፍ» ከመባል በቀር ሌላ ስም የላቸውም።

ብረቱን በማስተዋል ለሚመለከት ግን ባለቤቱ ይገለጥለታል። ካምፒላን ረጅምና ባንድ ወገን ብቻ የተሳለ ነው፤ ወደ ጫፉ እየሰፋ ይሄዳል፤ እጀታው እንደ ተከፈተ የአውሬ አፍ ለሁለት ይከፈላል። ባሮንግ አጭር ሆኖ የቅጠል ቅርጽ ያለው፣ ጀርባው ወፍራም የሆነ የታውሱግ፣ የሳማና የያካን ሕዝቦች መሣሪያ ነው፤ ያማሩት እጀታዎቹ ካካቱዋ የተባለውን ባለ ጉትዬ ወፍ ይመስላሉ። ክሪስ በሁለት ወገን የተሳለ ነው፤ አንዳንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዳንዱ እንደ እባብ የሚተጣጠፍ። ዕድሜውን ለመገመት ከእጀታው ሥር ያለውን ጋንግያ የተባለ ክፍል ተመልከቱ። በጥንቶቹ ለብቻው ተሠርቶ የተገጠመ ብረት ነው፤ ከ20ኛው መቶ ዘመን ወዲህ በተሠሩት ብዙዎቹ ግን ከስለቱ ጋር አንድ ሆኖ፣ መጋጠሚያ የሚመስል መስመር ብቻ ተቀርጾበታል።

እነዚህ ሰይፎች ደም አላዩም አንልም። ከደቡብ የሚነሡ የባሕር ወራሪዎች የቪሳያስን ክርስቲያኖች ማርከው ለባርነት ዳርገዋል፤ የስፔን ሠራዊትም በበኩሉ የደቡቡን መንደሮች አቃጥሏል። በኋላም እ.ኤ.አ. በ1906 በሆሎ ደሴት፣ በቡድ ዳሆ ተራራ ላይ፣ የአሜሪካ ወታደሮች ሴቶችና ሕፃናት ያሉባቸውን ብዙ መቶ ሰዎች ገደሉ። በ1911 ገዢው ጆን ፐርሺንግ ሕዝቡ ትጥቁን እንዲፈታ አዘዘ። ብዙ ሰይፎችም የጦርነት መታሰቢያ ተብለው በወታደሮች ሻንጣ ባሕር ተሻገሩ።

ስለዚህ ቅን ሰብሳቢ «ዋጋው ስንት ነው?» ከማለቱ በፊት «ከማን እጅ ተወሰደ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ያወቀውንም ጽፎ ያኖራል። ከዚያችው ሀገር ከሳማር ደሴት እ.ኤ.አ. በ1901 የተወሰዱት ሦስቱ የባላንጊጋ ቤተ ክርስቲያን ደወሎች በ2018 ወደ ደብራቸው ሊመለሱ የቻሉት፣ የማን እንደሆኑ ስላልተረሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉትን ታቦታትና የብራና መጻሕፍት የምናስብ እኛም ይህን ለመረዳት አንቸገርም።

ወገኖቼ፣ በሰው ሀገር እኛም «ሠራተኛዋ»፣ «ሐበሻው» እየተባልን በአንድ ስም ስንጠራ ምን ያህል እንደሚያም እናውቃለን። እግዚአብሔር ግን እያንዳንዳችንን በስማችን ያውቀናል። እንግዲህ በሚቀጥለው እሑድ ከጎናችሁ የምትቆመውን እህት ስሟንና የተወለደችበትን ደሴት ጠይቋት። ከሚንዳናው የመጣች ሙስሊም የሥራ ባልደረባ ብትኖራችሁም፣ ከአያቶቿ ሰይፍ አስቀድማችሁ እርሷን እወቋት።

የሰላም ንግሥት ድንግል ማርያም ታማልደን። አሜን።