የክፍል ውስጥ አየር፦ ከሙኒክ እስከ ሊማ

ሰው በታጨቀበት ክፍል ራስ የሚከብደው ለምንድን ነው? ለረጅም ጊዜ መልሱ የኦክስጅን ማነስና የካርቦን ዳይኦክሳይድ መብዛት ነው ይባል ነበር።

የሙኒኩ የሃይጂን ሊቅ ማክስ ፎን ፔተንኮፈር እ.ኤ.አ. በ1858 ባሳተመው ጥናት የመኖሪያ ክፍል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሺህ አንድ እጅ እንዳያልፍ ወሰነ። ሆኖም ጋዙ በዚህ መጠን መርዝ ነው አላለም፤ ከሰው ገላና ትንፋሽ የሚወጣውን፣ ለብቻው ሊለካ የማይችለውን ብክለት የሚጠቁም ምልክት አድርጎ ወሰደው እንጂ። ዛሬም ደጋግሞ የሚጠቀሰው «ከሚሊዮን 1,000» የሚለው ልክ ያው የፔተንኮፈር ነው፤ የሚጠቅሱት ሁሉ ግን ትርጉሙን አያስተውሉም።

በ1905 የብሬስላው ሊቅ ካርል ፍሉገና ረዳቶቹ ሰዎችን በተዘጋ ጠባብ ክፍል አስቀመጡ። ጭንቀቱ ሲበረታባቸው በቱቦ የውጭ አየር ቢስቡም አልቀለላቸውም። ውጭ ሆኖ የክፍሉን አየር በቱቦ የሳበው ሰው ግን ምንም አልተሰማውም። በውስጥ ያለው አየር በማራገቢያ ሲንቀሳቀስ ጭንቀቱ ለቀቀ። ስለዚህ የምቾት መጓደሉ ምንጭ ሙቀት፣ እርጥበትና የአየር አለመንቀሳቀስ ሆኖ ተገኘ።

ግኝቱ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን የመለሰው የምቾትን ጥያቄ ብቻ ነው። በሽታ ከአፍ በሚረጩ ፍንጣቂዎች እንደሚተላለፍ በ1890ዎቹ ያስተማረው ራሱ ፍሉገ መሆኑ ያስገርማል። አንድን አየር ደጋግሞ የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ ለገላ ይመቻል፤ የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስያንን ግን ከክፍሉ አያስወጣም። ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ ኃይል መቆጠብ ግድ ሲሆን፣ የአሜሪካ የማሞቂያና ማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር በ1981 ማጨስ ለማይፈቀድበት ቢሮ የመደበው ንጹሕ አየር ለአንድ ሰው በሴኮንድ 2.5 ሊትር ያህል ብቻ ነበር። በ1989 ዝቅተኛውን መጠን ወደ 7.5 ገደማ ከፍ አደረገው።

በ2007 የታተመ ጥናት በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ስምንት ሆስፒታሎችን መረመረ። መስኮትና በር ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ያህል ይለወጥ ነበር፤ ይህም ለነቀርሳ ሕሙማን በመሣሪያ አየር ከሚለወጥላቸው ክፍሎች ልክ፣ ማለትም ከ12፣ ከእጥፍ ይበልጣል። ከ1950 በፊት የተሠሩት፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለና መስኮታቸው ሰፊ የሆነው አሮጌ ክፍሎች ከአዲሶቹ በለጡ። ሕክምና ካልጀመረ ተላላፊ ሕመምተኛ ጋር 24 ሰዓት ከሚቆዩ ሰዎች መካከል በአሮጌዎቹ 11፣ በአዲሶቹ 33፣ በመሣሪያ በሚሠሩት 39 ከመቶ እንደሚያዙ በስሌት ተገመተ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ባወጣው መመሪያ በተፈጥሮ ነፋስ ለሚጠቀሙ ተራ የሕሙማን ክፍሎች ለአንድ ታካሚ በሴኮንድ 60 ሊትር አየር እንዲደርስ መክሯል። ነፋሱ ግን ሁልጊዜ አይነፍስም፤ ብርድ ሲመጣም መስኮቱን መጀመሪያ የሚዘጋው ታካሚው ራሱ ነው።