የማሽላ ማማና የሚለይ ካሜራ፦ ስለ ጥበቃ ታሪክ በራያ ቆቦ ቆላ

ከዞብል ተራሮች ግርጌ የተዘረጋው የራያ ቆቦ ሜዳ የማሽላ አገር በመሆኑ፣ የጥበቃ ታሪኩን ከዘብ ቤት ይልቅ ከማማ መጀመር ይገባል። ማማ ማለት በማሳው መካከል በምሰሶዎች ላይ ከማሽላው ራስ ከፍ ብሎ የሚሠራ መቀመጫ ሲሆን፣ ፍሬው ወተት ከያዘበት ጊዜ አንሥቶ እስኪደርቅ ድረስ ጠባቂው፣ ብዙ ጊዜም ልጅ፣ ወንጭፉን ይዞ ይውልበታል። አንድ የግሪሳ ወፍ በቀን የሚበላው 10 ግራም ያህል ቢሆንም፣ መንጋው በሚሊዮን ሊቆጠር ስለሚችል የተዘነጋ ማሳ ለባለቤቱ የዓመት ቀለብ ማጣት ነው። በመሆኑም ጠባቂው ማየት ብቻ ሳይሆን መለየትም ይጠበቅበት ነበር፤ አገዳውን ያወዛወዘው ነፋስ ይሁን ዝንጀሮ ሳያረጋግጥ ድንጋይ አይወነጭፍም።

ንብረት ከጠፋ በኋላ ደግሞ የዓይንን ሥራ ቃልና መሐላ ይረከቡታል። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባለው የቆየ ሥርዓት፣ ወንጀሉ የተፈጸመበትን አካባቢ ነዋሪ ሰብስቦ አጥፊው እስኪታወቅ ድረስ ያቆየው ነበር። ንጹሑን ከእርሻው ማስተጓጎሉ ግልጽ ግፍ ቢሆንም፣ መረጃው የሚመጣው ከአካባቢው ሰው ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣው የጥበቃ ካሜራ ዓይንን አበዛ እንጂ ትኩረትን አላበዛም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኖርማን ማክዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጥናት፣ አንድን ምልክት ትኩር ብሎ የሚጠብቅ ሰው ንቃቱ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ እንደሚቀንስ አሳይቷል (ማማ ላይ የዋለ ልጅ ይህን ለማወቅ ጥናት አያሻውም)። የቪዲዮ ትንተና፣ ማለትም ኮምፒውተር ምስሉን ራሱ መርምሮ ሰውን የሚያነቃበት ዘዴ፣ ይህን ድካም ለመሸፈን የመጣ ነው። ቀደምቶቹ መሣሪያዎች ተከታታይ ምስሎችን አነጻጽረው ልዩነት ባዩ ቁጥር ስለሚያስጠነቅቁ የዛፍ ጥላ ሳይቀር ሌባ ይመስላቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ የተስፋፉት፣ ከብዙ ምሳሌ የሚማሩ ሥርዓቶች ግን ሰውን ከእንስሳና ከተሽከርካሪ በተሻለ ይለያሉ።

ይሁንና የሰውን ፊት ወደ መመርመር ሲመጣ፣ የማሽን የመለየት ችሎታ ለሁሉም ፊት እኩል አይሠራም። አዲስ አበባ የተወለዱት ተመራማሪ ትምኒት ገብሩ ከተመራማሪ ጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳሳዩት፣ ከፊት ምስል ጾታን የሚለዩ የንግድ ሥርዓቶች ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ የሚሳሳቱት ከ1 በመቶ በታች ሲሆን፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ ግን ስሕተቱ እስከ 34.7 በመቶ ደርሷል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃን በሕግ ጥበቃ ሥር አድርጋለች። ሕጉ ቢኖርም፣ ካሜራው እንደ ሰው ምስክር ሊጠየቅ ስለማይችል፣ ለፍርዱ በስሙ የሚቆም ሰው ሳይኖር በማሽን ጥቆማ ብቻ ማንም ሊያዝ አይገባም።