ፎቶና ሰነድሽን የት ታስቀምጫለሽ? ፍላሽ፣ ሚሞሪ ወይስ ሃርድ ዲስክ

እህቴ፣ የፓስፖርትሽ፣ የኢቃማሽ፣ የውልሽና ብር የላክሽበት ደረሰኝ ፎቶ ስልክሽ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ስልኩ የጠፋ ወይም የተቀማሽ ቀን ማስረጃሽም አብሮ ይሄዳል። እኔ ስልኬ ውሃ ገብቶበት የሁለት ዓመት ፎቶ አጥቻለሁ።

ሚሞሪ ካርድ፦ ርካሽ ነው፤ ግን ስልኩ ውስጥ ስለሚቀመጥ ከስልኩ ጋር ይጠፋል።

ፍላሽ፦ ለሰነድና ለፎቶ 64 ጊጋ ይበቃል። ስልክሽ ቻርጅ መሰኪያ ላይ በቀጥታ የሚገባውን ግዢ።

ሃርድ ዲስክ፦ ብዙ ቪዲዮ ላላት ነው። 1 ቴራ ማለት 1000 ጊጋ ነው። ብዙ ጊዜ ኮምፒውተር ይፈልጋል። ውስጡ የሚሽከረከር ዲስክ ስላለው ከወደቀ ሊበላሽ ይችላል። ኤስኤስዲ የሚባለው የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው መውደቅን ይሻላል፤ ዋጋው ግን ወደድ ይላል።

ተጠንቀቂ፦ «2 ቴራ» እየተባለ በጣም በርካሽ የሚሸጥ ፍላሽ የውሸት ነው። ስትሰኪው 2 ቴራ ብሎ ያሳይሻል፤ እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ግን ፋይልሽ ይበላሻል። ደረሰኝ ተቀበይ። ቪዲዮ ሙይበትና የመጨረሻው መከፈቱን እዪ።

አንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጪ። ጉግል 15 ጊጋ በነፃ ይሰጣል። ሰነዶቹን ግን አገር ቤት ለምታምኚው ሰውም ላኪ፤ ስልክሽ ከተወሰደ መግቢያ ኮዱ የሚመጣው እዚያው ስልክ ላይ ሊሆን ይችላል።