አንበሳው ማን ነበር?

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። ተረቱ ስለ ድሩ ይነግረናል፤ አንበሳው ማን እንደሆነ ግን ዝም ነው። በአሜሪካ ሁለት ጫፎች የተቋቋሙ የቴክኖሎጂ ማኅበራት ታሪክ የሚያከራክረው እዚችው ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1943 ጦርነቱ ተፋፍሟል። መንግሥት ለራዳርና ለሬዲዮ የሚያወጣው ገንዘብ እንደ ጎርፍ ይፈስሳል፤ አብዛኛው ግን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ነው። ካሊፎርኒያ ያሉት ትንንሽ ፋብሪካዎች ድርሻቸውን ለብቻቸው ጠይቀው የትም እንደማይደርሱ ገባቸው። ከአራት ዓመት በፊት ፓሎ አልቶ ውስጥ ከጓደኛው ከሂውሌት ጋር በጋራዥ ሥራ የጀመረው ዴቪድ ፓካርድ ከሌሎች ባለፋብሪካዎች ጋር ሆኖ የምዕራብ ጠረፍ ኤሌክትሮኒክስ አምራቾች ማኅበርን መሠረተ።

ጦርነቱ አለቀ፣ ማኅበሩ ግን አልፈረሰም። ገበያ ላይ የሚሻሙ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከበው መወያየት ለመዱ። ፋብሪካው ድንገት ሲያድግ ምን ይደረጋል? ገንዘብ ከየት ይመጣል? አዲስ ገቢ ከቀደሙት ይማራል። በቃ፣ ትልቁ ሥራው ይኸው ነበር፤ ማስተዋወቅና ማስተማር።

ግን ደግሞ ፖለቲካም ነበረው። በ1978 የአሜሪካ ኤሌክትሮኒክስ ማኅበር ተብሎ ዋሽንግተን ዘለቀና አክሲዮን ሸጦ ያተረፈ ሰው የሚከፍለው ከፍተኛው ግብር ከ49 በመቶ አካባቢ ወደ 28 እንዲወርድ ከታገሉት አንዱ ሆነ። ተሳካለት። ከዚያ በኋላ ለጀማሪ ኩባንያዎች የሚውለው ገንዘብ በዛ። ሁሉንም ለግብሩ መስጠት ግን ልክ አይሆንም፤ በ1979 የጡረታ ፈንዶች መመሪያ መላላቱም ትልቅ ድርሻ ነበረው።

ወደ ማሳቹሴትስ እንሻገር። እዚያ በ1977 የአናሎግ ዲቫይስስ መሥራች ሬይ ስታታና ባልደረቦቹ የከፍተኛ ቴክኖሎጂ ምክር ቤት አቋቋሙ። የነሱ አንበሳ የክፍለ ግዛታቸው ግብር ነበር። በ1980 የቤትና የመሬት ግብር ከንብረቱ ዋጋ 2.5 በመቶ እንዳያልፍ የሚያደርገውን ሕዝበ ውሳኔ በገንዘብ ደገፉ፤ አሸነፉም። እንግዲህ ያ ግብር የሰፈሩን ትምህርት ቤት፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛውን፣ ቤተ መጻሕፍቱን የሚያኖር ነው። ብዙ ከተሞች ሠራተኛ ቀነሱ።

አናሊ ሳክሴንያን በ1994 ባሳተመችው መጽሐፍ ሁለቱን ክልሎች አነጻጽራለች። በ1980ዎቹ መጨረሻ እነ ዋንግ ሲንገዳገዱ ሲሊከን ቫሊ ያንሰራራው፣ እንደሷ አባባል፣ ኩባንያዎቹ በራቸውን ስላልዘጉ ነው። ሰውም ሐሳብም ከቤት ቤት ይዞራል። ማሳቹሴትስ ውስጥ ሁሉም በየግቢው ነበር።

ሁለቱም ማኅበራት ግብር አስቀንሰዋል፤ በዚህ አይበላለጡም። ልዩነቱ ድሉ ካለፈ በኋላ አባላቱ ለምን ይገናኙ ነበር የሚለው ነው። መዋጮ የሚከፍል ሰው ይህን ቢጠይቅ ነውር የለውም። አንዳንዴ እኮ የሚታሰረው አንበሳ የገዛ ሰፈሩ ትምህርት ቤት ሆኖ ይገኛል።