የወሎ ቅኝቶችና የሸክላ ዘመን

ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶች ሁለቱ፥ አምባሰልና ባቲ፥ የወሎን ቦታዎች ስም ይዘዋል፤ አንደኛው ከደሴ በስተሰሜን፥ ሌላው ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ነው። ትዝታም ቢሆን ያለ ወሎ አይነሣም።

አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የሀገር ፍቅር ቴአትርን የብቸኝነት መብት ተዳፍሮ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፥ ቅኝቶቹ የመሣሪያን ሕግ መቀበል ግድ ሆነባቸው። በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሽ ሸክላ በአንድ ገጹ ከአምስት ደቂቃ እምብዛም አያልፍም። እንደ አድማጩ ስሜት የሚረዝመው የአዝማሪ ትዝታም በዚሁ ልክ ተቆረጠ። ከዚህም ሌላ የመሲንቆ ተጫዋች ድምፁን በጆሮው እየመዘነ ሲያወጣ፥ ኦርጋንና ጊታር ኦክታቭን በ12 እኩል እርከኖች ይከፍላሉ፤ በመሆኑም የቅኝቱ ረቂቅ ልዩነት በከፊል ተሸረፈ።

በዚህ ጠባብ ወሰን ውስጥ ግን ታላላቅ ሥራዎች ተፈጥረዋል። የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1986 በቤልጅግ በአልበም ወጥቶ ከኢትዮጵያ ውጭም ተደምጧል።

እንግዲህ ሸክላው ውድ ቅርስ ነው፤ የቅኝቱ ሙሉ ልኬት ግን አይደለም። ልኬቱ ያለው በባለመሲንቆው ጆሮና ጣት ስለሆነ፥ የወሎን አዝማሪዎች ሳያቋርጡ፥ ሳይቆርጡ መቅዳት ለነገ የማይባል ሥራ ነው።